ሰብስቤን ይዞት የማያውቅ በሽታ

ልጄ ግርማ፣ አባቱ የሞተበትን በሽታ ለሐኪም እንዳስረዳለት ከቡታጅራ ወልቂጤ ድረስ አስጠራኝ። ጉድ እኮ ነው! ስልኩን ያነሳሁት መጋዘን ውስጥ በርበሬ እያስገለበጥኩ፣ እያስነጠስኩ ነበር። «እማዬ፣ ምርመራው ሁሉ ንጹህ ነው ይላል ዶክተሩ። ልብህ ደህና፣ ኩላሊትህ ደህና፣ ግፊትም የለብህ ይለኛል። አባቴ በደም ግፊት ነው የሞተው ስለው ደግሞ፣ ስንት ዓመት ታመመ፣ ምን መድኃኒት ይወስድ ነበር፣ እንዴት ሆኖ ሞተ እያለ ያፋጥጠኛል። እኔ ምን አውቃለሁ? የምታውቂው አንቺ ነሽ፤ ነይና ንገሪልኝ» አለኝ። እውነቱን ነው፣ የማውቀው እኔ ነኝ። ሰብስቤን ደም ግፊት ይዞት አያውቅም። በደጁም አልፎ አያውቅም። ባለቤቴ ሰብስቤ፣ እግዜር ነፍሱን ይማረውና፣ ራሱን ነው ያጠፋው። ይቺን አንዲት መስመር ሳልጽፍ ነው ያረጀሁት። አሁን እንድጽፋት የፈቀደልኝ ግርማ ራሱ ነው፤ «ጻፊው፣ ግን እንደ ልማድሽ አታካብጂው» ብሎኛል። እሺ፣ አላካብድም።

በማግስቱ ጠዋት መናኸሪያ ወርጄ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ረዳቱ «እናት፣ ጠጋ በይ፣ ሦስተኛ ሰው አለ» ይለኛል፤ ለሁለት ሰው በማይበቃው ወንበር ላይ። ልጆቹ ሁሉ ጆሯቸው ውስጥ የሆነች ነገር ሰክተው እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ዘፈን ይሰማሉ። በእኛ ጊዜ አንድ አውቶቡስ አንድ ካሴት ነበር፤ ሹፌሩ የወደደውን ሁላችንም እንወድ ነበር፤ ካሴቱ ሲጎተት ሹፌሩ አውጥቶ በእስክሪብቶ ያጠነጥናል፣ ተሳፋሪው በሙሉ ዝም ብሎ ይጠብቃል። ከቡታጅራ አዲስ አበባ በአስር ብር ተሂዶ መልስ ይገኝበት ነበር፤ አቧራው ግን በነጻ ነው። ስንደርስ ሁላችንም ቅንድባችን ቀይ ሆኖ፣ ሻሻችንን አራግፈን፣ ከመውረዳችን በፊት ፊታችንን በምራቅ እናብስ ነበር። ስለዚህ ሁሉ የማስበው መንገዱን ለመርሳት ነው። ወልቂጤ ስደርስ ምን እንደምል አላውቅምና፣ ሐሳቤ ዞሮ ዞሮ ወደ ሰብስቤ በረንዳ ሄደብኝ።

ሰብስቤ ልብስ ሰፊ ነበር። ከአሮጌው መናኸሪያ ዝቅ ብሎ፣ ባለጋሪዎች ፈረሳቸውን ከሚያጠጡበት ጥግ፣ የአንድ ሱቅ በረንዳ ላይ መኪናውን ዘርግቶ ይሰፋ ነበር። ያኔ ሰው ልብስ አሰፍቶ ነው የሚለብሰው፤ የተሰፋ ልብስ ከመደርደሪያ አውርዶ የሚገዛ የመንግሥት ሠራተኛ ብቻ ነበር። ቴትሮን፣ ካኪ፣ ፖፕሊን፣ ሀብታም ሲመጣ ከፋይ። ለመስቀል ሁለት ወር ሲቀር በረንዳው በጨርቅ ይሞላል፤ የሱሪ እግር ይስፋ ወይስ ይጥበብ በሚል ክርክር ወጣቶቹ ከመኪናው ድምፅ በላይ ይጮሃሉ። ሰብስቤ ሜትሩን አንገቱ ላይ አድርጎ «ያንተ እግር እንኳን ለጠባብ ሱሪ ለሰፊውም አልተሠራም» ይላቸዋል። እኔን ያገኘኝ እዚያው ነው። ከእህቴ ጋር የሽፎን ቀሚስ ላሰፋ ሄጄ፣ ሜትሩን ለእህቴ ሰጥቶ እሱ ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ፤ ቁጥሩን እሷ እየጠራችለት ይጽፋል። ጨዋ ነው ብዬ በልቤ መሰከርኩለት። ቀሚሱን ለብሼ ብሞክረው ሁለት ሰው ያስገባል። ተናድጄ ይዤው ሄድኩ። «ሆን ብዬ ነው» አለኝ ሳይሳቀቅ፣ «ተመልሰሽ እንድትመጪ።» ሦስት ጊዜ አመላለሰኝ። በመጨረሻ ቀሚሱ ልክ ሲሆን ሽማግሌ ላከ።

ኋላ ነው ነገሩ የተለወጠው፤ መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ቆይቶ ይመስለኛል። ሰው ምክንያቱ አንድ እንዲሆንለት ይፈልጋል። የሰልባጅ ልብስ ገበያውን ስለሞላው ነው የሚል አለ፤ ሁለተኛ ልጃችን ገና ሲወለድ ስለሞተብን ነው የሚል አለ፤ የሰው ዓይን ነው የሚልም አልጠፋም። እኔ አብሬው አንድ አልጋ ላይ የተኛሁት ሴትዮ አንድ ምክንያት የለኝም። የማውቀው እግሩ ፔዳሉ ላይ እንዳለ ዝም ብሎ መቀመጥ እንደጀመረ ነው። መርፌው ጨርቁ ውስጥ ገብቶ እንደቆመ ግማሽ ቀን ይውላል። «ምን ሆንክ?» ስለው «ደክሞኛል» ይላል። «ተኛ» እለዋለሁ። ይተኛል፤ ግን አይተኛም። ጠበል ወሰድነው። ታላቅ ወንድሙ መጥተው «አንተ ወንድ አይደለህም እንዴ? ተነሥ!» አሉት። እሱም ተነሣ፣ ፊቱን ታጠበ፣ ሸኛቸው፣ ተመልሶ ተቀመጠ። ይሄ በሽታ መሆኑን፣ ሐኪም ያለው በሽታ መሆኑን ማናችንም አናውቅም ነበር። ሳል ቢሆን ኖሮ በአንድ ቀን አታት ሆስፒታል አድርሰነው ነበር።

የሞተው በገበያ ቀን ነው። ስመለስ ሰው ደጄ ላይ ቆሟል። ከዚያ በላይ አልጽፍም፤ ማንንም አይጠቅምም። የማስታውሰው አማቴ ክንዴን ይዘው ወደ ጓዳ እንደጎተቱኝ ነው። «እንዳትናገሪ» አሉኝ። «ቄሶቹ ከሰሙ ፍትሐት ይከለክሉብኛል። ልጄን ከቅጥር ውጭ ይቀብሩብኛል። አስካለ፣ በማርያም፣ እንዳትናገሪ።» እኔ መናገሩ መቼ ትዝ አለኝና! ገና ነጠላዬን ከገበያ እንደመጣሁ አላወለቅኩም። በእሳቸው አልፈርድም፤ እናት ናቸው፤ የልጃቸው ነገር ነው። የምፈርደው ከዚያ በኋላ በመጣው ትርምስ ነው።

በእኛ ዘንድ ለቅሶ የመጣ ሰው አልቅሶ ሲያበቃ፣ አፍንጫውን ጠርጎ ሲቀመጥ፣ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ለመሆኑ ምን አግኝቶት ነው?» ብሎ ነው። ሐዘንተኛው ደግሞ መተረክ አለበት። መቼ ጀመረው፣ ምን በላ፣ የት ተወሰደ፣ መጨረሻ ላይ ምን አለ። ይሄ ካልተተረከ የመጣው ሰው ያለቀሰ አይመስለውም። ነገሩን ያወቁት ታዲያ መደበቁ ላይ ተስማሙ እንጂ በምን በሽታ እንደሚደብቁት አልተስማሙም። አማቴ በሴቶቹ በኩል «ምች ነው የመታብኝ፤ ላብ እያላበው ፀሐይ ላይ ወጥቶ» ይላሉ። የዕድሩ ዳኛ በወንዶቹ በኩል «ጨጓራ ነው፤ ድሮም ያመው ነበር» ይላሉ። ማታ ላይ ታላቅ ወንድሙ ጋሽ ወልዴ ከመርካቶ ደረሱና ማንንም ሳይጠይቁ «ደም ብዛት ነው። አዲስ አበባ ሰው በዚህ እያለቀ ነው» ብለው አረፉት። በማግስቱ ከመስቃን ገጠር የመጡ አንዲት አሮጊት የሰብስቤ አክስት ድንኳኑ መሐል ተቀምጠው ሁሉንም ሲያዳምጡ ቆዩና ወደ እኔ ዞሩ።

«አንቺ ልጅ፣ እኔ ግራ ገባኝ» አሉ ጮክ ብለው፣ ጆሯቸው ስለማይሰማ። «እሷ ምች ትላለች፣ ያ ጨጓራ ይላል፣ ይኼኛው ደግሞ ደም ይላል። የቱ ነው የገደለው?»

አማቴ፣ የዕድሩ ዳኛና ጋሽ ወልዴ ሦስቱም ዓይናቸውን እኔ ላይ ተከሉ፤ ሦስቱም የየራሳቸውን በሽታ እንድመርጥላቸው።

«ሁሉም» አልኳቸው።

«ወይኔ ልጄን! ሦስት በሽታ ተሸክሞ ነው እንዴ ያን ሁሉ ልብስ ሲሰፋልን የኖረው!» ብለው አሮጊቷ እንደ አዲስ ለቅሶውን አቀለጡት። እኔ ነጠላዬን አፌ ላይ አድርጌ ተንቀጠቀጥኩ። ሰው አለቀሰች ብሎ አዘነልኝ፤ እኔ ግን ሳቄ መጥቶብኝ ነበር። ከዚያ ሳቁ ውስጥ ለቅሶው ወጣ፤ የሰብስቤን ሞት መጀመሪያ ያለቀስኩት ያኔ ነው። ቅር ያለኝ ደግሞ፣ ይሄን ነገር ማታ ብነግረው ከሁሉም በላይ የሚስቅልኝ እሱ እንደነበር ነው። ለማንኛውም ሣልስቱ ሳይደርስ ደም ብዛት አሸነፈ። ከአዲስ አበባ የመጣ በሽታ ስለሆነ ምችም ጨጓራም አልቻሉትም።

ሰው ደግሞ ሞኝ አይደለም። ከፊቴ ደም ብዛት፣ ከኋላዬ «ምን ብትለው ነው?» ነበር። ውሃ ልቀዳ ስሄድ ሴቶቹ ዝም ይላሉ፤ ሳልፍ ይቀጥላሉ። ሰብስቤን እየናፈቅኩት ተናድጄበት ነበር፣ ይሄን ልደብቅ አልችልም። አመመኝ ብሎ ቢሞት ኖሮ እናፍቀዋለሁ፣ አለቅስለታለሁ፣ ያበቃል። እሱ ግን ጥያቄ ትቶልኝ ሄደ፤ ሌሊት ስነሣ የምጠይቀው እሱን፣ መልስ የሚሰጡኝ ሐሜተኞቹ። የሚያጽናናኝ ሰው ደግሞ የሚያጽናናኝ ላልሞተበት በሽታ ነው። «አይ፣ ደም ብዛት እኮ ድንገተኛ ነው፣ ምንም ማድረግ አትችይም ነበር» ይሉኛል። ምንም ማድረግ አትችይም ነበር የሚለውን ቃል እንዴት እፈልገው ነበር! ግን ለእውነተኛው ነገር እንጂ ለደም ብዛት ምን ያደርግልኛል?

ሰው ሁሉ መምጣት ሲያቆም ዘይነባ መጣች። ዘይነባ የመስቃን ሴት ናት፣ በርበሬ ነጋዴ፣ የልጆቿን ልብስ ሰብስቤ ነበር የሚሰፋላት። «አሰላሙ ዐለይኩም» ብላ ገባች፣ ጫማዋን አወለቀች፣ አጠገቤ ተቀመጠች። ምን አግኝቶት ነው ብላ ትጠይቀኛለች ብዬ ደም ብዛቱን ላወጣ አፌን ስከፍት እጇን አነሣች።

«ተይው አስካለ» አለችኝ። «ሁሉም ሰው ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። ለእሱ አላህ አለለት። እኔ የመጣሁት አንቺ በልተሻል ወይ ልልሽ ነው።»

አልበላሁም ነበር። በልቼ አላውቅም ነበር ማለት ይቀላል። አጠገቤ ተቀምጣ አጉርሳ አስጨረሰችኝና፣ ነገ በርበሬ የሚለቅም ሰው እንደሚያስፈልጋት ነገረችኝ። ሄድኩ። ዛላውን ከክምሩ ላይ እያነሣን ነጩን ከቀዩ፣ የተሰበረውን ከደህናው መለየት ነው ሥራው። በርበሬ መልቀም ለሐዘንተኛ የተፈጠረ ሥራ ነው፤ ሁሉም ሰው ዓይኑ ቀልቷል፣ ሁሉም ሰው አፍንጫውን ይጠርጋል፣ ማን ከልቡ እንደሚያለቅስ ማንም አይለይም። እኔ እዚያ ያለቀስኩትን ድንኳን ውስጥ አላለቀስኩም። ከሰዓት በኋላ ዘይነባ ስለ ሰብስቤ ታወራኛለች፤ የልጇን ሱሪ እንዴት አጥብቦባት እንደነበር፣ ስትቆጣው ምን ብሎ እንዳሳቃት። ከሞተ ጀምሮ ስለ ሕይወቱ ያወራችኝ እሷ ብቻ ነበረች። ሌላው ሁሉ የያዘው ሞቱን ነው።

የስፌት መኪናውን ሸጬ የራሴን በርበሬ የገዛሁት በእሷ ምክር ነው። ጋሽ ወልዴ «የወንድሜን መኪና!» ብለው ከአዲስ አበባ ድረስ መጡ። «ጋሼ፣ እርስዎ ይሰፉበታል?» አልኳቸው። አይሰፉም። እግረ መንገዳቸውን ታናሽ ወንድማቸው እንዲያገባኝ ሐሳብ ይዘው ነበር የመጡት፤ ልጁ አዲስ ኮት ለብሶ በር ላይ ቆሞ ላቡን ይጠርጋል። «አንተ ትፈልገኛለህ?» አልኩት። «ኧረ ለእኔስ እህቴ ነሽ» አለኝ። እሱም እኔም እፎይ ብለን ክትፎ በላን። ዓመቱ ሲሞላ ጥቁሬን አወለቅኩ፤ አረንጓዴ ሽፎን ገዝቼ፣ ሌላ ሰፊ ጋ አሰፍቼ ገበያ ወጣሁ። ተወራ። ይወራ! ቀሚሱ ደግሞ ያምርብኝ ነበር፤ በአንድ ጊዜ ልክ የሆነ ቀሚስ ለብሼ የማውቀው ያኔ ነው፣ እሱም ቢሆን ትንሽ አስከፋኝ። ቀስ በቀስ ሳቅሁ፣ ወፈርኩ፣ ጆንያ አስጭኜ አዲስ አበባ ተመላለስኩ፣ ቤት ሠራሁ። ድኛለሁ። ሰው ይድናል፤ ትዝታው አይጠፋም እንጂ ሰውየው ይድናል።

ያልዳነው ደም ብዛቱ ነው። ያ የውሸት በሽታ እኔ በርበሬ ስነግድ እሱ ቤቴ ውስጥ አደገ። ግርማ ትምህርት ቤት እንደገባ አንድ ሰው ለጋሽ ወልዴ «ደም ብዛት እኮ በዘር ነው» አላቸው፤ እሳቸውም ደንግጠው በልጁ ላይ ሕግ አወጡ። ጨው አይብላ። ኳስ አይጫወት። አይናደድ። እግዚኦ! ጉራጌ ቤት ተወልዶ፣ መስቀል ሲሆን ቤተ ዘመዱ ሁሉ ከአዲስ አበባ ተሰብስቦ፣ ቅቤው በክትፎው ላይ ሲፈስ፣ ቆጮው ሲቆረስ፣ የእኔ ልጅ ብቻ ቅቤም ሚጥሚጣም ያልነካው ሥጋ ለብቻው በሳህን ይቀርብለታል። የአጎቱ ልጆች ጣታቸውን እየላሱ ያዩታል። ጋሽ ወልዴ አፋቸውን በቅቤ አርሰው «ላንተ ብለን ነው የኔ ልጅ» ይሉታል። እኔ ጓዳ ገብቼ ጥርሴን አፋጭ ነበር። እሳቸው ራሳቸው ኋላ በደም ብዛት ሞቱ፤ በእውነተኛው።

ልንገረው አላልኩም አይደለም። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሲጨርስ ለጋሽ ወልዴ «በቃ፣ ልጁ ይወቅ» ብያቸው ነበር። «አስካለ፣ አብደሻል? ሰው ፊት እንዴት ይቆማል? ነገ ማን ልጁን ይሰጠዋል? በዘራቸው አለ ይባላል እኮ!» አሉኝ። «ደም ብዛቱስ በዘር ነው እያላችሁ አይደል እንዴ?» ብላቸው «እሱ ጨዋ በሽታ ነው» አሉኝ። ጨዋ በሽታ! ከዚህ በኋላ ምን ይባላል? ልጁ ደግሞ አመነ፤ ሒሳብ አስተማሪ ሆነ፣ ወልቂጤ ተመደበ፣ የግፊት መለኪያ ገዝቶ ጠዋት ማታ ክንዱ ላይ ያስራል፤ ሠርጉ ላይ እንኳ ልቤ ይፈጥናል ብሎ ሳይጨፍር ቀረ። እኔም ቢቸግረኝ፣ መቼስ አይገድለውም፣ ጨው ያልበላ ሰው አልሞተም ብዬ ዝም አልኩ።

ወልቂጤ ስደርስ ከተማው ባጃጅ በባጃጅ ሆኖ ጠበቀኝ። ድሮ በጅማ መንገድ የሚያልፍ መኪና ቆሞ ሻይ የሚጠጣባት ከተማ ነበረች፤ አሁን ፎቁ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪው፣ ጡሩንባው መሻገሪያ አያስገኝም። የግርማ ሚስት ሰላማዊት መናኸሪያ መጥታ ተቀበለችኝ። ቦርሳዬን ይዛ ዝም ብላ ሄደች፤ ዝም የምትል ልጅ አልነበረችም። ከባጃጅ ስንወርድ በሩ ላይ አቆመችኝ።

«እማማ፣ ግፊት አይደለም» አለችኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ምን እንደሆነ አላውቅም እንጂ ግፊት አይደለም። ሌሊት አይተኛም። ፈተና ያርማል ብዬ ስገባ እስክሪብቶውን ይዞ ዝም ብሎ ተቀምጧል፤ አንድም ወረቀት አላረመም። ልጆቹ ሲያናግሩት አይሰማም። ምን ሆንክ ስለው ደክሞኛል ይለኛል።»

የበሩን ብረት ያዝኩ። ልጄ ሁለት ዓመት ሙሉ ከሐኪም ሐኪም የሚዞረው በሌለበት በሽታ ነው። ያለበትን ደግሞ የሚያውቅለት ሰው የለም፤ ስሙን ደብቀንበታል። እንግዲህ ግርማን ላጣው ነው ወይስ ልናገር ነው ብዬ ራሴን ስጠይቅ፣ በሕይወቴ እንደዚያን ቀን የተናደድኩበት ቀን የለም።

ክሊኒኩ ፎቅ ላይ ነው። ግርማ ደረጃውን እንደ ሽማግሌ እያረፈ ይወጣል፣ እኔ ደግሞ በዚህ እድሜዬ ቀድሜው ወጥቼ እጠብቀዋለሁ። ፊቱ ከስቷል፣ ጺሙ አድጓል። ሐኪሙ ገና ልጅ ነው፤ ብድግ ብሎ ወንበር ሰጠኝ።

«እማማ፣ እንኳን መጡልን። ስለ ባለቤትዎ ትንሽ ልጠይቅዎት ነው። ደም ግፊት እንዳለባቸው የታወቀው መቼ ነው?»

«ከሞተ በኋላ» አልኩት።

«ማለት… ከዚያ በፊት ተመርምረው አያውቁም?»

«በኋላም አልተመረመረም። ጋሽ ወልዴ ናቸው ያሉት።»

«ጋሽ ወልዴ ሐኪም ናቸው?»

«ጨርቅ ነጋዴ ነበሩ።»

ሐኪሙ እኔንና ግርማን እያፈራረቀ አየ። ግርማ «እማዬ፣ እባክሽ በቁም ነገር ንገሪው፤ ሰው ወረፋ ይዟል» አለኝ፣ በዚያ ደከመኝ በሚል ድምፁ። የአባቱ ድምፅ ነው። ከዚያ በኋላ ማሰብ አልቻልኩም።

«ግርማ፣ ስማኝ» አልኩት። «አባትህን ደም ግፊት አልገደለውም። ምችም፣ ጨጓራም አልገደለውም። አባትህ ራሱን ነው ያጠፋው። ታሞ ነበር፣ ግን በዚህ አልነበረም የታመመው፤ ያዝን፣ ይደክመው፣ እንቅልፍ ያጣ ነበር፤ በሽታ መሆኑን አላወቅንለትም። ደም ብዛቱን ለቅሶ ቤት ነው የፈጠሩት፣ ቄሶቹ እንዲቀብሩት ብለው። ይኸው ነው።»

ከታች የባጃጅ ጡሩንባ ይሰማል። ሐኪሙ እስክሪብቶውን አስቀመጠ፤ ብልህ ልጅ ነው።

«ስንት ሰው ያውቃል?» አለ ግርማ።

«ቡታጅራ በሙሉ።»

«ከእኔ በስተቀር?»

«ካንተ በስተቀር።»

«ታዲያ ያ ጨው…» አለና አቆመ። «ያ ኳስ። ያ መስቀል ሁሉ፣ ያ ደረቅ ሥጋ… እማዬ፣ ሠርጌ ላይ እኮ አልጨፈርኩም!» ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፣ ሐኪሙም ሳይፈልግ ፈገግ አለ። ወዲያው የግርማ ሳቅ መንገዱን ስቶ ለቅሶ ሆነ፤ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ ትከሻው ተንቀጠቀጠ። ትልቅ ሰው፣ የልጆች አባት፣ የተማሪዎች መምህር። ዝም በል አላልኩትም። ለአባቱ ዝም በል፣ ተኛ፣ ብላ፣ ተነሥ የሚለውን ሁሉ ብለነዋል፤ አንድም ሰው ግን በልብህ ምን አለ ብሎ አልጠየቀውም። እንዲህ ያለው ነገር እንደሚጠየቅ ያኔ ማን ነግሮን! መጠየቁ ሐሳቡን የሚሰጠው እየመሰለን ሁላችንም ዙሪያውን እንሄድ ነበር። እጁን ከፊቱ ላይ አውርጄ ያዝኩት።

«ግርማ» አልኩት፣ «አንተስ ታስበዋለህ? ራስህን ማጥፋት?»

ሐኪሙን አየው፣ በሩን አየው፣ እኔን አየኝ። እኔ ችኩል ሴት ነኝ፣ ሰው ንግግሩን ሳይጨርስ የምጨርስለት፤ ያን ጊዜ ግን ምላሴን ነክሼ ጠበቅሁት።

«አዎ» አለ። «ከክረምት ጀምሮ። ለሰላማዊት አልነገርኳትም። ለማንም አልነገርኩም።»

«ጎሽ!» አልኩት። ሐኪሙ ደንግጦ አየኝ፤ ይየኝ። «ጎሽ የኔ ልጅ፣ ጎበዝ፤ ተናገርክልኝ።» እጁን ሳልለቅ ወደ ሐኪሙ ዞርኩ።

«በል ዶክተር፣ በሽታው ይኸውልህ» አልኩት። «አክምልኝ።»